አባቴ ይረሳል ብዬ የጻፍኩ ቀን

ጎጆ በምትባለው የደጋ ከተማ ስድስት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቹ ትምህርቱን ሲቪክስ፣ እኔን ደግሞ ቲቸር ይሉ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የምደርስበት አንድ ምዕራፍ አለ። ሪፐብሊክ ማለት ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ የማይወረስበት፣ ባለቤቱ ሕዝብ የሆነበት መንግሥት ነው እላቸዋለሁ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ እሥልና በአንዱ ውስጥ መንግሥት፣ በሌላው ሃይማኖት ብዬ እጽፋለሁ። ክቦቹ አይነካኩም። ተማሪዎቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ፣ እኔም ወደሚቀጥለው ርዕስ አልፋለሁ።

ያንን ትምህርት እወደው ነበር፤ በአባቴ ምክንያት።

አባቴ የከተማዋ ድሬሰር ነበር። ዛሬ ነርስ እንላለን፤ በዚያን ጊዜ ግን ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር በቅሎ ተጭኖለት የሚሄደው ድሬሰር ነው። ከሥራው ሌላ በጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር። እኔ ሕፃን ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ የገበሬ ማኅበሩ መሰብሰቢያ ሆነ። አባቴ ሁለት ጊዜ ታሰረ። ሁለተኛው ላይ አምቦ ወስደውት ሰባት ወር ቆየ። እናቴ ውጭ ሰው ባሳለ ቁጥር የመዝሙር ደብተራችንን ገብስ ውስጥ ትቀብረዋለች። እኔም ፊደል ከመቁጠሬ በፊት የእግር ኮቴ መለየት ተማርኩ፤ የጎረቤት ነው፣ የበሽተኛ አስታማሚ ነው፣ ወይስ የእነሱ።

ደርግ በወደቀ ዓመት የጸሎት ቤቱ ቁልፍ ተመለሰልን። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ሰዎች ወለሉን ይጠርጉ፣ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ይልጡ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ከእንግዲህ መንግሥት በቤቱ፣ እኛ በቤታችን" አለኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱ ሲወጣ አንድ ቅጂ አግኝቶ መጣና መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት። እናቴ በዚያው ሰሞን ሞተች። በቤቱ ውስጥ እሱና እኔ ቀረን።

እንግዲህ አስተማሪ ሆኜ ወደ ጎጆ ስመለስ፣ ሰሌዳው ላይ እነዚያን ሁለት ክቦች ስሥል፣ የአባቴን ሰባት ወር እስራት እየዘጋሁለት ይመስለኝ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን ፍርሃት ተመለሰ። እንዴት እንደተመለሰ ለመናገር ይከብደኛል፤ በር ሰብሮ አልመጣም። መምህራን አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባልን። አምስት ሆነን በሳምንት አንድ ቀን እንቀመጣለን፣ አንዷ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ ቃለ ጉባኤው የት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም። የፓርቲ አባልነት ፎርም መጣና ሞላሁ። ሁሉም ሞልቷል። አንድ ክረምት አምቦ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው ስለ አክራሪነት አሠለጠኑን። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነበር፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። "በሃይማኖት ሽፋን የሚሠራ ፖለቲካ" የሚለውን ሐረግ ደጋግሞ ያነሳል፤ እኛም በደጋገመው ቁጥር እንጽፈዋለን። ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ፣ ስለ ሥልጠናው አንድም ሰው አልተናገረም። ስለ ድንች ዋጋና ስለ መንገዱ አወራን።

በዚያው ዓመት ከከተማዋ ዳር ሰው በጉን የሚያሰማራበት መስክ ለኢንቨስተር ተብሎ ተከለለ። ሰዎች በገበያ ሲገናኙ ያንን ነገር በዓይናቸው እንጂ በአፋቸው አያወሩትም።

የኅዳር አንድ እሑድ ወንጌላዊው ለቀብር እንጭኒ ሄደው ስለነበር ስብከቱ ለአባቴ ተሰጠ። ብዙ ጊዜ አባቴ ሲሰብክ ስለ ትዕግሥትና ስለ ንጽሕና ነው፤ ድሬሰርነቱ አይለቀውም፣ እጅ መታጠብን ሳያነሳ አይወርድም። የዚያን ቀን ግን ያነበበው ሕዝቡ ንጉሥ አንግሥልን ብለው ሽማግሌውን ነቢይ የጠየቁበትን ታሪክ ነበር። ነቢዩ ንጉሥ ልጆቻቸውን ለጦርና ለወጥ ቤት፣ ከመሬታቸውም ደህና ደህናውን ለባለሟሎቹ እንደሚወስድ ያስጠነቅቃቸዋል፤ እነሱ ግን እምቢ ይላሉ።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በኦሮምኛ ቀጠለ። "አምላክ አስቀድሞ የሰጣቸው ሕግ ነው እንጂ ንጉሥ አይደለም። ሕግ ለእረኛውም ለአለቃውም አንድ ነው" አለ። ከዚያ ነቢዩ ሸምግሎ ሥልጣኑን ሲያስረክብ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ እንደወሰደ፣ ማንን እንደበደለ እንዲመሰክሩበት መጠየቁን ተናገረ። መጽሐፉን ዘጋና፣ "ወገኖቼ፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀን ሰው እንዲሰጠን እንጸልይ" አለ።

ከኋላ አንድ ሰው "አሜን" አለ። ከልቡ የወጣ ድምፅ ነበር። ሌላ ማንም አልተከተለውም። ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳው ብቻ ይሰማል። አንገቴን ሳላዞር በዓይኔ ጎን ተመለከትኩ። በወንዶቹ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ የወረዳው ካቢኔ አባል የሆነ ሰው ተቀምጦ ነበር። በልጅነታችን እዚያው ቤት አብረን መዝሙር ተምረናል። ጭንቅላቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ እንደ ወትሮው ሰላምታ እየሰጠ ነው የሚራመደው። ሰላምታውን የሚመልሱለት ግን ቶሎ ቶሎ እያለፉ ነው። ከአጥራችን ስንገባ አላስቻለኝም።

"አባ፣ ለምን እንዲህ አልክ?"

"ምን አልኩ? የተጻፈውን ነው ያነበብኩት።"

"የጸለይከው ግን አልተጻፈም።"

ሳቅ አለ። ኮቱን አውልቆ ሰቀለ።

"ይለያዩ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም?" አልኩት። "አንቀጹን ያሰመርከው አንተ አይደለህም?"

"ይለያዩ። መንግሥት ቤቴ ገብቶ እንዴት እንደምጸልይ አይንገረኝ፤ እኔም ቢሮው ገብቼ አላዝዘው። ግን ኢንተለ ኮ" አለ፤ ልጄ ማለቱ ነው፣ ቁም ነገር ሲናገር በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ። "መንግሥት አምላክ ልሁን እንዳይል የሚከለክለው ምንድን ነው? ወረቀት ነው? ወረቀቱን የሚጽፈው እሱ ነው። ከእሱ በላይ አንድ አለ ብሎ የሚያምን ሰው በአገሩ ካልተገኘ፣ እናንተ ሪፐብሊክ የምትሉት ነገር ዘውዱን ያወለቀ ንጉሥ ነው። አያቴ ስለ ገዳ ሲያጫውተን፣ ስምንት ዓመት ሲሞላ አባ ገዳው ተመርቆ ይወርዳል ይል ነበር። ምርቃቱ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሥልጣኑ የእሱ እንዳልነበረ እንዲያስታውስ ነው።"

የሰማሁት በግማሽ ጆሮዬ ነው፤ ግማሹ ውጭ ያለውን ኮቴ እያዳመጠ ነበር።

ሰኞ ምንም አልሆነም። ማክሰኞም ምንም አልሆነም። ክፍል ውስጥ የምናገረው ዓረፍተ ነገር ከመሐል ይጠፋብኛል። ረቡዕ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ዳይሬክተሩ ጠራኝ። ስገባ የካቢኔው ሰው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ ቁልፉን አነሳና "እናንተ ተነጋገሩ፣ እኔ የላቦራቶሪውን ነገር ልየው" ብሎ ወጣ። ላቦራቶሪ አልነበረንም።

"በርሲስቱ፣ ተቀመጪ" አለኝ ሰውየው። በኦሮምኛ መምህርት ማለቱ ነው፤ እንዲህ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ሁልጊዜ በስሜ ነበር የሚጠራኝ።

ተቀመጥኩ።

"አባትሽ ለእኔ አባቴ ነው" አለ። "በልጅነቴ ሳንባዬን ሲያመኝ ማን እንዳዳነኝ አንቺም ታውቂያለሽ። ክፉ አስቤ አልመጣሁም።"

"አውቃለሁ።"

"ግን በዚያ ቤት መቶ ምናምን ሰው ነበር። የሰማው ሁሉ ዝም አይልም። አንድ ሰው ቀድሞ ወደ ላይ ካደረሰው ጥያቄው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እዚያ ተቀምጠህ እየሰማህ ለምን አልጻፍክም እባላለሁ።" ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ያንከባልላል። ጣቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። አስፈራሪው ራሱ ካልፈራ ሰው ቢያንስ ለምኜው እድናለሁ ብሎ ያስባል።

"ምን እንድናደርግ ትፈልጋለህ?"

"አንቺ የሲቪክስ መምህር ነሽ። አንቀጹን ታውቂዋለሽ። የተናገረው ነገር የሃይማኖትና የመንግሥትን መለያየት ይነካል ወይስ አይነካም፣ ምንስ አስቦ እንደተናገረው፣ በጽሑፍ ስጪኝ። ከልጁ ሲመጣ ነገሩ ይለዝባል። እኔ አያይዤ እዘጋዋለሁ። እስከ ዓርብ።"

"ካልጻፍኩስ?"

ወደ መስኮቱ አየ። "ካልጻፍሽ የሚጽፍ ሌላ አለ" አለ ዝግ ብሎ።

ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ያለው መንገድ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። በዚያ ቀን ጉም ወርዶ ነበር፤ ከፊቴ ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም፤ በየመንገዱ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ሰው ይወጣል፣ ሰውየው ሰላም ብሎኝ ያልፋል። አባቴ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከድሮው እስራት የተረፈ ሳል አለበት፤ በብርድ ይብስበታል። አምቦ የሲሚንቶ ወለል ላይ ሲተኛ ታየኝ። ስሙ በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ከሥሩ የእኔ ፊርማ ታየኝ።

ይነካል ብዬ ብጽፍ አሰርኩት። አይነካም ብዬ ብጽፍ ሁለታችንም እስር ቤት ገባን፤ ቤታችንም ሥራዬም ይሄዳል። አልጽፍም ብል የማላውቀው ሰው ይጽፋል። ሐሙስን እንዲህ እያልኩ ዋልኩ። አሥረኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ፣ "ቲቸር፣ ሃይማኖተኛ ሰው ስለ መንግሥት መናገር ይችላል?" ብላ ጠየቀችኝ። ትምህርቱ ስለዚያ አልነበረም። ማን እንደላካት ወይስ ማንም እንዳልላካት ማወቅ አልቻልኩም። ገና አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ፈራሁ። "በሚቀጥለው እናየዋለን" አልኳት፤ አላየነውምም።

ሐሙስ ከሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጻፍኩት። በኦሮምኛ ነበር። አባቴ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይረሳል ብዬ ጀመርኩ። ቀን ያምታታል። የጀመረውን ነገር ትቶ ሌላ ይናገራል። አንዳንዴ በሟች እናቴ ስም ይጠራኛል። በዚያን እሑድም ሊያነብ ያሰበው ሌላ ክፍል ነበር፣ የጸለየውንም እቤት ስጠይቀው አላስታወሰም። ቤተሰቡ በእርጅና ምክንያት የመጣ መሆኑን ስለሚያውቅ ይቅርታ ይጠይቃል። አንድም ቃል እውነት አልነበረም። ያስደነገጠኝ ውሸቱ እንዴት እንደቀለለኝ ነው። እያንዳንዱ ነገር ተዘጋጅቶ እንደቆየ ሁሉ ከእስክሪብቶዬ ይወርድ ነበር።

ዓርብ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ትከሻው ሲወርድ አየሁ።

"ይሄ ጥሩ ነው" አለ። "ለሁላችንም ጥሩ ነው።" ሊያጥፈው የነበረውን ወረቀት እንደገና ዘረጋው። "ግን አንድ ነገር አለ። ሽማግሌዎቹ እንዲያውቁት እሱ ባለበት መነበብ አለበት። ካልተነበበ ተጽፎ የተደበቀ ነው ይሉናል።"

ለአባቴ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ቅዳሜ አልቻልኩም። እሑድም አልቻልኩም። ሰኞ አፌን ከፍቼ ስለ ወፍጮ ጠየቅሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮ ተሰበሰብን። ወንጌላዊው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የካቢኔው ሰው፣ አባቴና እኔ። አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ለክርክር ተዘጋጅቶ እንደነበር ከአቀማመጡ ያስታውቅ ነበር፤ ቀይ የተሰመረበትን ሕገ መንግሥት ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞታል። የካቢኔው ሰው ወረቀቱን አወጣና አነበበው። በችኮላ ነበር የሚያነበው። በእናቴ ስም ይጠራኛል የሚለው ላይ ሲደርስ አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ያንን አስተያየት ለመተርጎም ሞክሬአለሁ። ቁጣ አልነበረም። ድሬሰር ሳለ በሽተኛ ልብሱን ሲያወልቅለትና ቁስሉን ከጠበቀው በላይ ጥልቅ ሆኖ ሲያገኘው የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነበር።

"ኦቦ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?" አለ የካቢኔው ሰው።

አባቴ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፤ አሁን ሕገ መንግሥቱን ሊያወጣው ነው አልኩ በልቤ። እጁ ባዶውን ወጣ። መዳፉን አገላብጦ አየው።

"ዛሬ ምን ቀን ነው?" አለ።

"ማክሰኞ" አሉ ወንጌላዊው።

"ሐሙስ መስሎኝ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከሁለቱ አንዱ ዓይኑን ጠረገ። ወንጌላዊው አባታችን ይረፉ፣ ከእንግዲህ መድረክ ላይ ባናደክማቸው ይሻላል አሉ። በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። የካቢኔው ሰው ሲወጣ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው።

ከዚያ ሁለታችን ወደ ቤት ሄድን። አባቴ በዝግታ ይራመዳል፣ አንዴም የሌላ ሰው አጥር ውስጥ ሊገባ ሲል ክንዱን ይዤ መለስኩት። የምር መስሎኝ ደነገጥኩ። እቤት ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"በደንብ ጽፈሽዋል" አለኝ። "ውሸት ነው፣ ግን በደንብ ጽፈሽዋል።"

ማልቀስ ጀመርኩ። "አባ፣ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው። ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ። ሂን ሶዳቲን" አለኝ፤ አትፍሪ ማለት ነው። "እናትሽ መዝሙሩን ገብስ ውስጥ ትቀብር ነበር፣ አንቺ አባትሽን ቀበርሽ። ሁለታችሁም ያደረጋችሁት ለማቆየት ነው።" ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነበር። የሰማሁት ግን ቀበርሽ የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሁለት ሰው ሆነ። ከአጥር ውጭ ቀን ያምታታል፣ ሰላምታ ሁለቴ ይሰጣል፣ ገበያ መሐል ቆሞ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል። ከአጥር ውስጥ ከሬዲዮ ጋር ይከራከራል፣ የተማሪዎቼን ፈተና አብሮኝ ያርማል። ከተማው ግን አንደኛውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰው ሲያናግረው እንደ ሕፃን ቀስ እያለ፣ ድምፁን እያጎላ ሆነ። ለሃያ ዓመት የያዘውን የእድር ጸሐፊነት ወሰዱበት። ልጅ ያመማቸው እናቶች ቤታችንን አልፈው መሄድ ጀመሩ። እጁ የነካው ሕፃን ሁሉ ያልዳነ ይመስል፣ አሁን መድኃኒት ቢነግራቸው አያምኑትም። እሱም በሩ ላይ ቆሞ ሲያልፉ ያያቸዋል።

እኔ ደግሞ መፍራቴ አልቀነሰም። እንዳይታወቅብን እፈራ ነበር። አንድ ቀን ማስመሰሉን ረስቶ ሰው ፊት እንደ ጥንቱ አስተካክሎ ቢናገርስ? እንግዳ ሲመጣ ከእሱ አፍ ላይ ዓይኔን አላነሳም። ሳይሳሳት በቀረ ጊዜ በዓይኔ እገሥጸዋለሁ፤ አባቴን፣ ለምን በትክክል ተናገርክ ብዬ።

እንዲህ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሄደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈተና ሳርም አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

"ዛሬ ሐሙስ ነው?" አለኝ።

"አባ፣ በሩ ዝግ ነው። ማንም የለም" አልኩት እየሳቅኩ።

ፊቴን ትክ ብሎ አየው። "እኔ ማን አለ አልኩ?"

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። እየተጫወተ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሚቀጥለው ቀን ደህና ነበር፤ ሬዲዮውንም ተከራከረው። ከሳምንት በኋላ ግን ምሳ ሳቀርብለት በእናቴ ስም ጠራኝ። ቀና ብዬ አየሁት፤ ፈገግታ እንኳ አልነበረውም። እፈትነው ጀመር። የአንቀጹን ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ አንዳንዴ ቶሎ ይመልሳል፣ አንዳንዴ "ተዪኝ እስቲ" ይላል። ጨዋታው የት ጋ እንዳለቀ፣ ሕመሙ የት ጋ እንደጀመረ አላውቅም። አምቦ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ሐኪሙ "መቼ ነው የጀመራቸው?" አለኝ። ካርዱ ላይ የሚጻፍ ቀን ፈልጎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ቆይቷል አልኩት።

አባቴ በሁለት ሺህ ስድስት ክረምት ሞተ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ አምቦ ላይ በተማሪዎች ሰልፍ የሆነውን ሰምተን ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን የምንሄድበት ጊዜ ነበር፤ ለቀስተኛ እንኳ ከሦስት በላይ ሆኖ መንገድ ላይ አይቆምም። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርድ ነበር። በቀብሩ ላይ ወንጌላዊው ስለ አገልግሎቱ ተናገሩ፤ "በመጨረሻው ዘመናቸው አእምሯቸው ቢደክምም" አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ተነሥቼ ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ ያልኩት ለማለት ፈልጌ ሳልነሣ ቀረሁ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ግን ወደ ወንጌላዊው ቤት ሄድኩ። ሚስታቸው ገበያ ሄዳ ብቻቸውን ነበሩ። በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን፣ ባዶውን ክፍል፣ ውሸቱ እንዴት እንደቀለለኝ። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው። እሳቸው ዓይናቸውን ከእሳቱ ላይ አላነሱም።

"አውቅ ነበር" አሉኝ።

እንባዬን ጠርጌ ቀና አልኩ።

"ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባትሽ በዚያ ማክሰኞ ሐሙስ መስሎኝ ነበር ሲል ሽማግሌው ዓይኑን የጠረገው ለምን መሰለሽ? ያ ሰው በዋዜማው ጠዋት መንገድ ላይ ሲያገኘው፣ አባትሽ የልጅ ልጁ ክትባት የሚደገምበትን ቀን ሳይሳሳት ነግሮታል።"

"ታዲያ የእድሩን መዝገብ ለምን ወሰዳችሁበት? እንደ ሕፃን ለምን አናገራችሁት?"

"ካልወሰድንበት ያውቁብናል" አሉ። "ያመመው ሰው መዝገብ ይዞ ይኖራል? አንቺ ብቻ የፈራሽ መስሎሽ ነበር?"

ስንት ሰው እንደነበረ በልቤ ቆጠርኩ። ሽማግሌዎቹ፣ እናቶቹ፣ በገበያ መሐል ቆመው አድራሻውን ቀስ እያሉ የነገሩት ሰዎች። ከእነሱ ማን ያውቅ እንደነበረና ማን እንዳላወቀ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። አባቴ እነሱ እንደሚያውቁ ያውቅ ነበር? ይህንንም ልጠይቅ ፈለግሁ። ውጭ የሰው ኮቴ ተሰማ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ አዳመጥን። ኮቴው አለፈ።

"ይህን ነገር አሁንም ለማንም አትንገሪ" አሉኝ ወንጌላዊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እሺ አልኳቸው። በመስከረም ከጎጆ ለመልቀቅ ወደ ጊንጪ ትምህርት ቤት ዝውውር ጠየቅሁ።